ለግራ ጉልበቴ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ
ነዳጁም ፍሬኑም የቀኝ እግሬ ዕዳ፤
አንተ ከጎን ሆነህ እንደ ሰርግ እንግዳ
ሙቀት ስትኮመኩም ከማሞቂያው ጓዳ፣
ታዲያ ምን ደከመህ? ምን ነካህ ጉልበቴ?
ቀድመህ የከዳኸኝ አንተ ነህ ከቤቴ።

ሐኪሟ ወረቀት እያገላበጠች
«ስኳሩ ከደጅ ነው፣ አልገባም ገና» አለች።
እንደ ንስሐ አባት ቀኖናም ሰጠችኝ፣
በሳምንት አራት ቀን መንገድ አወጣችኝ።
ጫማ ገዛሁ፣ ቢጫ፣ እንደ እንቁላል አስኳል፤
ባለሱቁ ምሎ «ይሄ ራሱ ይሮጣል»።

ሦስት ሳምንት ሮጥን፣ አንተና እኔ።
በአራተኛው፣ በጥር፣ ከጋራዡ በር ላይ፣
በረዶ የለበሰ አስፋልት—
ቀጭ።

ያቺን ድምፅ ከእኔ ቀድመህ ሰማሃት።
በጀርባዬ ተኝቼ የኤድመንተንን ሰማይ አየሁት፣
ሲነጋ ያረጀ ሳንቲም ይመስላል።
ሁለት ባልደረቦቼ አነሡኝ፤
አንዱ የወለቀ ጫማዬን ይዞ፣ አንዱ ሳቁን ውጦ።
ጫማው ምንም አልሆነም።

በሦስት ቀዳዳ ገብተው ከውስጥህ አንድ ነገር ቆርጠው አወጡ።
«የጥፍር ያህል ነው» አሉኝ።
የጥፍር ያህል ነገር
ይህን ሁሉ ሰው ተሸክሞ ኖሯል?

ማሪሴል አረንጓዴ ላስቲክ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰረች።
«አሥር ጊዜ» ትላለች።
ስድስተኛው ላይ እናቴን ጠራሁ፣
ሰባተኛው ላይ የማሪሴልን እናት።
በእኛ ቋንቋ፣ አልኳት፣
ለዚህ አጥንትና ለአቅም ያለን ስም አንድ ነው፣
ጉልበት፤
አንዱ ሲሰበር ሌላው በምን ይጠራ?
አሰብ አደረገች።
«እንግዲያው ሁለቱንም ባንድ ዋጋ እሠራልሃለሁ» ብላ
ቀዩን ላስቲክ አወጣች። ቀዩ ይብሳል።

በግንቦት ዳንኩ ብዬ ወጣሁ።
ሁለተኛው መብራት ሳልደርስ ባቴ ውስጥ ጅራፍ ጮኸ።
አልተበጠሰም፣ ተለጠጠ አሉ፤
ለሐኪም ልዩነት አለው፣
እኔ ግን ያው ግድግዳ ይዤ ነው ቤት የገባሁት።
ትርንጎ በር ከፍታ አየችኝና
«ቀስ በቀስ…» ልትል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ
«እንቁላሉን እንዳታነሺብኝ!» አልኳት።
ይሂድ እንቁላል! ምን አለበት?
ማን ጉልበቱን ቀዶበት?

ሰኞና ሐሙስ ገንዳ ውስጥ ከአሮጊቶች ጋር እራመዳለሁ።
ወይዘሮ ኦሌና፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ሁለቱም ዳሌዋ ብረት፣
ትቀድመኛለች።
ዞር ብላ ውኃ እየረጨችኝ «ና እንጂ፣ ወጣቱ!»
ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤
ወጣት የሚለኝ ያገኘሁት ክሎሪን ውስጥ ነው።

አንድ ሐሙስ ቀረች። ሰኞም።
ማንም አልጠየቀም፣ ሁላችንም ውኃውን አየን።
በሦስተኛው ሳምንት በምርኩዝ መጣች፣
ክንዷ ላይ የበለዘ ቢጫ።
«ወደቅኩ» አለች፣ ዝናብ ነበረ እንደሚል ሰው፣
«እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።»
ከአንድ። በዚህ ዕድሜ።
ላስቲክ በወረወርኩባቸው ቀናት አፈርኩ።

ዛሬ ከወንዙ ዳር፣ ከደረጃው ሥር፣
የእንጨቱን እርከን ጀመርኩኝ መቁጠር።
ወጣቶች አለፉኝ፣ ሁለት ሁለት ዘለው፤
ያረጀ ውሻ አለፈኝ፣ እሱም አንካሳ ነው።
ስልሳ አንድ ላይ ስንደርስ ቀጭ አልክ። ቆምኩኝ፤
መደገፊያ ይዤ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩኝ።
ከላይ ስንት ቀረ? አላልኩም ቀና፤
ከታች ወንዙ ይሄዳል፣ አልረጋም ገና።

ከሰዓት አውቶቡሱ በራፍ ይጠብቃል፣
ቀኙ ፍሬን ይርገጥ፣ እሱ ሥራ ያውቃል።
አንተ እረፍ ለዛሬ። ቅዳሜ እንመጣለን፣
ስልሳ ሁለተኛዋ የምትለውን እንሰማለን፤
ካልሆነም፣
ከአንድ።