የተቀባይ ስም

ነሐሴ ነው፣ ሻርጃ። አየሩ እርጥብ ጨርቅ፣ ፊት ላይ ይለጠፋል፤
ዓርብ ነው፤ የሐዋላው ቤት ሰልፍ ከመድኃኒት ቤቱ ያልፋል።
ከፊቴ ሉባባ ቆማለች፣
የተምር ቆርቆሮ ታቅፋለች፤
ውስጡ ደረሰኝ ነው፣ የስድስት ዓመት ላብ፣
የታጠፈ፣ የታሰረ፣ ወር በወር ድርብርብ።

ማታ ማታ ስታጥፈው እስቅባት ነበር እኔ፣
ሰባት ሆነን ባንድ ክፍል፣ አልጋ በአልጋ ላይ፣ በዚያ በወበቅ ኩነኔ።
«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብዬ ስተርት፣
በጥፍሯ ጠርዙን ታስተካክላለች እንጂ መልስ የላት።

እኔ ብልጥ ነበርኩ። ማንንም ጠይቁ።
ሦስት ማዳሞች ሒሳብ ገጥመውኝ ወደቁ።
ደላላ ከደላላ አጫርቼ፣ ደሞዝ አስጨምሬ፣
ለሦስተኛው ደላላ፣ ለ«ፍሪ ቪዛ»፣ ስምንት ሺህ ድርሃም ቆጥሬ፣
እሱ ስልኩን ዘጋ፤ እኔ አፌን ዘጋሁ።
ይኸው ሁለት ዓመት፣ ለማንም አላወጋሁ።
ብልጥ ሲሸወድ አይጮህም፣ እንዳይሳቅበት፤
የዋጠውን ጨው ዝም ይላል፣ ውሃ እየጠጣበት።

አንድ ማታ ይመር ደወለ፣ ወንድሟ፤
ገና አልወረደም ከትከሻዋ የቀኑ ድካሟ።
«የላክሽው» አለ «በአስቤዛ አለቀ፤
የኮምቦልቻው ቤት ካርታው በኔ ስም ጸደቀ።»
ዝም አለች። ኤሲው ብቻ ያጉረመርማል፣
ውሃው ባልዲው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
እኛ ግን ጮህን፣ ስድስት አፍ ባንዴ፦
«ክሰሺው!» «ሽማግሌ ላኪ!» «እርገሚው!» «ይኼ ወንድም ነው እንዴ?»
«ሰባ ሁለት ደረሰኝ! ቁጠሪለት! ፊቱ ላይ በትኚው!»
«ፌስቡክ ላይ አውጪውና አገር ይስማው፣ አዋርጂው!»
እሷ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣
«ሀያት ስንተኛ ክፍል ገባች?» አለችው በዝግታ።
የልጁን መሆኑ ነው። «ሰባተኛ» አለ፤ ድምፁ ወረደ።
«መነጽሯስ?» «ተሠራ።» ከዚያ መስመሩ ተቋርጦ ሄደ።

ያን ሌሊት «ጅል» አልናት፤ «ቂል»፣ «ተላላ»፣ «ገራገር» —
ስንት ስም አለው ሞኝነት በኛ አገር!
ብልህን ግን ከብልጥ ጋር እናምታታዋለን፤
አንዲት ፊደል ናት የምትለያቸው፣ እሷንም እንውጣታለን።
ጥ ጥርስ ላይ ትፈነዳለች፣ ህ ትንፋሽ ብቻ ናት፤
ክፍሉ ጸጥ ካላለ ማን ሊሰማት?

ዛሬ ተራዋ ደረሰ። ከመስታወቱ ኋላ
ያለው የኬረላ ልጅ፣ ጣቱ ለምዶ፣ «ይመር ዓሊ» ሲል፣ «ላ» —
አለችው ሉባባ። «ላ።» ድምፅ አልጨመረች።
ወረቀቱን ስባ ራሷ ጀመረች፦

ላኪ፣ ሉባባ ዓሊ። ተቀባይ፣ ሉባባ ዓሊ።

ከዚያ ሌላ ትንሽ ቅጽ፤ መቶ ድርሃም፣ ለሀያት ትምህርት ቤት።
እርግማን የለበት፣ ምርቃት የለበት።
እኔ እንጃ፤ ብትከሰው ይሻል ነበር ይሆናል፤
ቤቱ እኮ አለ፤ ጣሪያው፣ ያም ቆርቆሮ፣ ኮምቦልቻ ላይ ያበራል።
ግን ስድስት ዓመት ያንን ስም የጻፈች ጣት
ዛሬ አልተንቀጠቀጠችም፤ ከኋላዋ ሆኜ አየኋት።

አዲሱን ደረሰኝ አጥፋ ከላይ አኖረች፤
ዞራ፣ ዓይኗ ሊስቅ ሲል፣ «ሞኝና ወረቀት…» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች።
ቆርቆሮውን ጠቅ አድርጋ ዘጋች፣
ወደ ወበቁ ወጣች።

«ቀጣይ» አለ ልጁ። ጠጋ አልኩ፤ ገንዘቤ እጄ ውስጥ ረጥቧል።
«ተቀባይ?» ይላል።
ስንቱን ስም ጽፌያለሁ፣ ስንቱን ደልዬ፣
ስንቱን አታልዬ፤
አፌን ከፈትኩ —
የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።