ደረጃውን የጠበቀ

ኮምቦልቻ፣ በሰኔ፣ ማክሰኞ ረፋድ፣
ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በሰፊው አዳራሽ፣ ወንበርና ሰነድ።
የሃያ ዓመት ትልም፤ ባቡርና መንገድ፣
ከደረቁ ወደብ እስከ ጨው ባሕሩ ጭነት የሚያስኬድ።
አቅራቢው እኔ ነኝ።
ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ መስመር የእጄ፤
ደም መስሎኝ ሌሊቱን ሰማያዊ ቀባሁት፣
ወንዝ መሰለኝና ጠዋት ቀይ መለስኩት፣ በራሴ ፈርጄ።

«ደረጃውን የጠበቀ መንገድ» አልኩ በኩራት፣
(ጨዋችን ናት ይህች ቃል፣
ሪፖርት አልጥም ሲል የምንነሰንሳት።)
«ሁሉን አካታች» አልኩ፤ «ለትውልድ የሚቆይ»፤
ተጨበጨበልኝ። ላቤን እየጠረግሁ በመስኮት ቁልቁል ሳይ፣
አንዲት ሴት ከደጁ፣
ከታችኛው እርከን ተቀምጣ ብቻዋን፣
ግንቡን አስደግፋ ሁለት ክራንቾቿን፣
በጥሪ ወረቀት፣ የኛው ማኅተም ባለው፣ ጋርዳ ፀሐይዋን።

ለሻይ ዕረፍት ወረድኩ፤
ሃያ ስድስት እርከን። ስንት ወር ስመላለስ ያን ቀን ገና ቆጠርኩ።
«ምነው ሳይገቡ ቀሩ?» ብዬ ጠየቅኋት።
«መቼ ቀረሁ?» አለች፤ «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ደረጃውን ጠበቅሁት፤
አልወርድ አለ እንጂ።
በማይኩ ‹የጠበቀ› ስትል ሰማሁህ፣
‹የጠበቀች› በል ብዬ ከታች አረምሁህ፤
አልሰማኸኝም።»

ጦይባ ይመር ነች፣
ልብስ ሰፊ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ጨርቅ ፍለጋ፣
የሀረጎን ጥምዝ በጉም መሐል ጥሳ ደሴ ትወጣለች።
«ረዳቱ ደግ ልጅ ነው፣ ያነሣኛል አቅፎ፤
የቸኮለ ዕለት ግን፣ ወረፋው የበዛ፣ ይሄዳል እኔን አልፎ።
ደግነት ደግ ነው፤ ታሪፍ ግን የለውም፣
ሰዓት አያከብርም፣ ቢቀር አልከሰውም።»

ካርታዬን አውርጄ እርከኑ ላይ ዘረጋሁ።
እሷ ግን ካርታ አላየችም።
ካንገቷ አወረደች የስፌት ሜትሯን፣
አጠገባችን የቆመች ሚኒባስ ለካቻት፣ ከመሬት መርገጫዋን፤
«አርባ ሁለት» አለች።
«የባቡሩስ ስንት ነው? የጣቢያው? የአውቶቡሱ በር?
እኔ ሰው ሳልለካ መቀስ አላነሣም፣
ለዒድም ይሁን ለሠርግ፣ በጥሬ ወይ በብድር።»

ዘበኛው ጋሽ እንድሪስ ከኋላዬ ቆመው፣
ቀዩን መስመር በከዘራ ጫፍ ተከትለው ተከትለው፣
«ቦርከናን የሚሻገር እዚህ ጋ ነው?»
«አዎ።» «ቱቦው ስንት ነው?» «አንድ ሜትር።» ሳቁ።
«ቦርከና ሰካራም ነው፤ ቢንገዳገድም ግን አይስትም ቤቱን ማወቁ።
ሲሞላ የሚገባው ድሮ የኖረበት ነው፣
እናንተ ‹በዚህ እለፍ› ያላችሁት አይደለም።»
ከጉልበታቸው ከፍ ብሎ፣ ግንቡ ላይ፣ የጭቃ መስመር አሳዩኝ፤
ቡናማ፣ ቀጥ ያለ፣ ከኔ መስመር ይበልጥ ቀጥ ያለ።
«ሁለቴ ቀለም ቀቡት፤ ክረምት ሲመጣ ይወጣል።»

ከላይ ተጠራሁ። ሻይ አለቀ፤ ቀጣይ አጀንዳ።
«እናንተ ውረዱ» ብላቸው ሁለቱ ወረዱ፤
ኃላፊው ስልክ ይዞ ቀረ ከበረንዳ።
በዚያው ሳምንት ቀዩን ፋቅሁት፤ እርሳስ ሆነ እንደገና።
ከሰነዱ ፊት ገጽ፣ ከማኅተሙ በላይ፣
«አርባ ሁለት» ብዬ ብቻ ጻፍኩና
አለቃዬ «ምንድን ነው?» ሲለኝ
«ልክ ነው» አልኩት።

ጦይባ አንዳንድ ማታ ትደውላለች፤
«ያ ደረጃ ወረደ?» ትለኛለች።
«እየወረደ ነው» እላታለሁ፤ «አሥራ ሦስተኛው እርከን ላይ ነን።»
ትስቃለች፤ አታምነኝም፤ አልፈርድባትም።
ከሣቋ ኋላ የስፌት መኪናዋ ይሰማኛል፣
አንዴም ሳያቆም።