ማስታመም

አስተርጓሚው ሲቀር ወደ እኔ ነው ጣታቸው፤
መወልወያዬን አስደግፌ እገባለሁ አብሬያቸው።
ፈርዋኒያ ሆስፒታል፣ የህመም ክፍል፣ ረፋድ፤
ውጭ አስፋልቱ ይቀልጣል፣ ውስጥ ማቀዝቀዣው በረድ።

ሸምሲያ ወንበሩን በአንድ ጎኗ ብቻ ነክታ፣
ሌላውን ጎኗን ለአየር ሰጥታ።
"ከአስር ስንት ነው ህመምሽ?" ይላል ዶክተር ሙንተስር።
"አልሐምዱሊላህ በይው።"
"ቁጥር ነው የሚፈልገው።"
"ስንት ብል ነው ታዲያ ደግመው የሚከፍቱኝ?"

ከዳሌ ተነስቶ አውራ ጣት ድረስ የሚነዝር፣
ሲመሽ የሚለበልብ፣ ሲነጋ እንደ ጉንዳን የሚሰፍር፣
ውጋቱን፣ ቁርጥማቱን፣ የእግሯን መክዳት ዘረዘረችልኝ፤
የወጥ ቤት ዐረብኛዬ አንዲት ቃል ብቻ ሰጠችኝ፦
"ወጀዕ።"

ማማ ሙኒራን ሦስት ዓመት ከአልጋ ወደ ወንበር፣
ከወንበር ወደ መታጠቢያ ብቻዋን ታነሳ ነበር።
አንድ ማለዳ ወገቧ "ቀጭ" አለ እንደ ደረቅ እንጨት።
አራት ብሎን፣ ሁለት ዘንግ፣ የስንዝር ጠባሳ አተረፈላት።
አሮጊቷ በረመዳን ሞተች።
ብረቱ ቀረ።

ዶክተሩ ፎቶውን ወደ መብራቱ አነሳ።
"ብሎኑ ቦታው ላይ ነው፤ አጥንቱም ገጥሟል።"
"እሱ ከገጠመ፣ እኔ ምን ሆኜ ነው?"
"ዳግም አንቀድም። ቢላ በተመላለሰበት ጠባሳ ይበዛል፣
ጠባሳውም ነርቭ ይይዛል።"
መርፌ አለ፣ ከትንሹ የሚጀመር ክኒን፣
ገንዳ ውስጥ እርምጃ፤ ስለ እንቅልፍም ጠየቀ።
"ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል" አለ በመጨረሻ፣
እሷን እያየ፣ እኔን ሳይሆን።

"አያድኑኝም ማለት ነው?"
ቃል ፈለግሁ።
ያገኘሁት ከራሷ ሥራ ነው፦
"ማስታመም ነው የሚለው።"

ዝም አለች። ቆይታ፦ "እንደ ማማ ሙኒራ?"
"እንደ እሷ።"
"በጎን ማዞር፣ በጉልበት መሃል ትራስ፣
እልኋን ሳይነኩ፣ በሞቀ ፎጣ ማባበል እስክትመለስ...
እሷም እኮ የምትጮኸው ሌሊት ሌሊት ነበር።"
አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች።
"ደሞዙን ጠይቂልኝ።"
ይህን አልተረጎምኩም።

ስትወጣ፣ የወለወልኩት ኮሪደር ገና አልደረቀም፤
ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች አዘገመች።
አሳንሰሩ ጋ ስትደርስ ዞረች፦
"ስምንት ነው።
አሁን ንገሪው።"