ቁልፉ ኪሴ ነው

አቦ፣ ተው ሙኽታር፣ እንደ ባጃጅ ዘለህ አትውጣባት፤
መጀመሪያ ዙራት፣
በእግርህ፣ በዓይንህ፣ ቀስ ብለህ ዙራት።
ቀንድ አላት ከፊቷ፣ ምላጭ የሚሉት፤
ሆዷ ሙሉ ብረት ነው፣ ለክብደት የጫኑት፤
እኔ አውራሪስ አልኳት፣ ፋብሪካው ሌላ ስም ቢሰጣት።

ከሥሯ ጎንበስ በል፣ ሲሚንቶው ላይ እይ፤
የረጠበ ነገር፣ ዘይት አለ ወይ?
ካለም በጣትህ አትፈልግ ቀዳዳውን፤
ካርቶን ቁረጥና በካርቶን ፈትሸው ጎማ ቧንቧውን።
ያ ዘይት ተጨንቆ ከፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ሲያፏጭ፣
ቆዳ ነው የሚበሳ፣ ሥጋ ውስጥ ነው የሚረጭ፤
መርፌ ሳይሆን መርፌ፣ ማንም ያላዘዘው፣
ጠዋት ብትስቅበት ማታ ክንድህን የሚጠይቀው።

አዳራሹ ከዚራ ነው፣ የባቡር ሠራተኛ ምሳ ይበላበት የነበረ፤
ግድግዳው ከኖራው ሥር ሰማያዊ ሆኖ የቀረ፤
ወለሉ በሙጫ ላይ ሙጫ፣ በፕላስቲክ ላይ ፕላስቲክ እየደረበ የወፈረ።
በማለዳ ነው ሥራው፤ ሙጫ ሲቀዘቅዝ ይሰበራል፤
አራት ሰዓት ካለፈ የድሬ ሙቀት በቆርቆሮው ያንኳኳል፣
ሙጫው እንደ ሃልዋ ምላጩን ይዞ ይሟዘዛል።

ደግሞ ንጣፉ ሲነሳ ጥቁር ሙጫ ካየህ፣ ቁም።
«ትንሽ ናት፣ ልጨርሳት» የሚባል ነገር የለም።
የድሮ ነው፤ አቧራው ዓይን አያስለቅስም፣ ዝም ብሎ ሳንባ ይገባል፤
ሃያ ዓመት ተኝቶ፣ ስምህን ጠርቶ ይነሳል።
ውሃ አርከፍክፍበት፣ አጥፋና ውጣ፤
ናሙናውን የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ።
(ሽርጥህን አፍንጫህ ላይ መጠምጠም ጭምብል አይደለም፣ አየሁህ ትናንት።)

ማን አስተማረሽ ትለኛለህ። ጋሽ ወልደየስ ነው፣ የምድር ባቡሩ ጋራዥ ሰው፤
ቀኝ እጁ ሦስት ጣት ነው፤
ሲጨብጥህ፣ የሁለቱን ቦታ አየር ነው የምትጨብጠው።
አንድ ቀን ሞተር ሥር ተጋድሞ ሲፈታ ብሎን፣
ባልደረባው መጣና «እስቲ ትነሳ እንደሆን»
አለ፣ አስነሳት።
በቃ፣ ይህችው ናት።
ክፋት አልነበረውም፤ ተቻኩሎ ነው፣ ለምሳ።
ያ ሰው እስኪሞት ድረስ፣ ለጋሽ ወልደየስ ሰላምታ
ቀኝ እጁን አላነሳ።

እኔም ምላጭ ስቀይር፣ ቀንዷን አንስቼ እንጨት አስደግፋለሁ፤
አጠፋለሁ፤ ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ እከታለሁ፤
ባትሪዋን እፈታለሁ፤ ወፍራሙን ጓንት አጠልቃለሁ።
እጄ ወደ ብረቱ የሚሄደው ያኔ ነው፣ ቀድሞ አይደለም፤
የደነዘ ምላጭ፣ ሥጋ ላይ ደንዝዞ አያውቅም።

ትናንት አንተ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣
ኮንትራክተሩ ጀማነህ ስልኩን ጆሮው ላይ ሰክቶ መጣ።
«አሁንም ምላጭ? ቀኑ እኮ ሄደ!» አለ፤ አላየኝም ብሎን ስፈታ፣
ተንበርክኬ ከፊቷ፣ እስከ ክርኔ ከቀንዷ በታች ገብቼ።
መቀመጫው ላይ ወጣ።
«እስቲ ትነሳ እንደሆን» አለ፤
ቃል በቃል፣ ሙኽታር፣ አንዲት ፊደል ሳይስት።
እጁ ቁልፉን ፈለገ።
ቀዳዳው ባዶ ነበር።
እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ኪሴን መታ መታ አደረግሁ፣
ተንሿሿ።
ከዚያ ወረደ፤ ስልኩን አጥፍቶ ወረደ።
ጉልበቴ ግን እስከ ማታ ሲንቀጠቀጥ ዋለ፤ አንተም ጠየቅኸኝ፣ ሙቀቱ ነው አልኩህ።

ከሰዓት፣ ንጣፉ ከተነፋበት ከጥጉ፣
የደረቀ የደቻቱ ጭቃ ወጣ፣ ጭቃው ውስጥ ማንኪያ።
ጠፍጥፎታል ዘመን።
አጥቤ ለጋሽ ወልደየስ ወሰድኩለት።
በሦስቱ ጣት ያዘው፣ ገለበጠው፣ አየው፤
«ሾርባቸው ቀጭን ነበር» አለ።
ሌላ ነገር አላለም።

በል ና ውጣ አሁን። ቀበቶውን እሰር፤ ጫማህ ዘይት ካለው ጥረገው፤
ከኋላህ ሰው ካለ፣ ድመትም ቢሆን፣ ንቅንቅ እንዳትል።
እንካ፣ ቁልፉ—

ቆይ።
ውረድ።
አንዴ ደግመህ ዙራት።