ወለሉን ያቅልልለት

ሻይ ይታሸግበት የነበረ መጋዘን ነው ያገኘነው፣
ኦዙርጌቲ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ዝናብ የማይለየው።
ማሽኖቹ ከተነቀሉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤
ወለሉ ግን እርጥበት በጠናበት ጠዋት አሁንም ሻይ ሻይ ይላል።

አሠልጣኝ ኦኒሴ ጫማውን አውልቆ
ረገጠው፣ የታማሚ ሆድ እንደሚዳብስ ሐኪም ተጠንቅቆ።
«ይሄ ሲሚንቶ» አለ «ማንንም አይምርም።»
በደብተሬ ጻፍኩ፦ ስፋት፣ ሁለት መቶ ካሬ። ምሕረት፣ የለም።

ገንዘባችን ይኸው ነው፦ የወላጆች መዋጮ፣ የባድሪ ዳቦ ቤት የሰጠው፣
የማዘጋጃ ቤቱ ቃል፣ ቃል ብቻ፣ እስካሁን ያልመጣው፣
የኦኒሴ አሮጌ መኪና ተሽጦ ያወጣው።
ቀጭኑን ምንጣፍ ብንገዛ ዘጠና፤ ወፍራሙን ብንገዛ ስድሳ።
ሳባዛ ሳካፍል አደርኩ፣ ወረቀቱ በላጲስ እስኪሳሳ።

ነጋዴው ጎቻ ከባቱሚ መጣ፣ ናሙናውን በመኪና ጭኖ፤
ስለ ቀለም ያወራል፣ ስለ ሰማያዊና ቀይ ጋብቻ፣ እንደ ሠርግ አጋፋሪ ሆኖ።
ኦኒሴ አልሰማውም። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው።
አገጩን ደረቱ ላይ ቀበረ፣ ጉልበቱን አጠፈው፣

ወደቀ።

ጎቻ «አባቴ!» ብሎ ሮጠ። ሽማግሌው ግን ተነሥቶ
ሁለተኛው ናሙና ላይ ወደቀ፣ በክንዱ መትቶ።

ቀጭኑ ጧ! ይላል፣ እንደ ጥፊ፤ ሕመሙን ለአጥንት ያቀብላል።
ለስላሳው ድምፅም የለው፤ እግር እንደ ማጥ ይውጣል።
«አብዝቶ የሚለሰልስ» አለ ኦኒሴ «ሐሰተኛ ነው፣
አቅፎ ነው ቁርጭምጭሚት የሚሰብረው።»
ሦስተኛው ዱብ አለ፣ በሩቅ ክፍል እንደሚዘጋ ከባድ በር።
እዚያው ተኛ፣ ዓይኑን ከድኖ፣ የሆነ ነገር እንደሚቆጥር።

በሱ ልጅነት ሰጋቱራ ነስንሰው ሸራ ይወጥሩበት ነበር፤
ክረምት ሲገባ ይረጥባል፣ ይጠጥራል፣ እንደተረገጠ አፈር።
«ቫዣ የሚባል ልጅ ነበር» አለ። ጠበቅን።
ቫዣ ምን እንደሆነ አልነገረን።

የኔ ጭንቀት ሌላ ነው፤ መጋጠሚያው።
በአሥራ አራት ዓመቴ ሁለት ምንጣፎች ተለያዩ፤ ክፍተቱ ሁለት ጣት ቢሆን ነው።
አውራ ጣቴ ገባበት። ገላዬ ዞረ፣ ጉልበቴ እዚያው ቀረ።
ከዚያ ወዲህ ሌላው ሰው ፊት ያያል፣ እኔ ስፌት።
ተንበርክኬ ናሙናዎቹን ገጠምኩ፣ ስንጥቁን በእርሳስ ሞከርኩት፤
እንቢ አለ። ጻፍኩ፦ እርሳስ አያስገባም። ሁለቴም አሰመርኩበት።

«ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ» ይባላል።
ያለው ሰው፣ መቼም፣ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ይሆናል።
ለሞተ ሰው ደግሞ «አፈሩን ያቅልልለት» ይላሉ።
እኔ ግን አንድም ሰው አልሰማሁም
ገና ለቆመው፣ ገና የፊት ጥርሱ ለወለቀው፣
ቀበቶውን ማሰር ላቃተው፣
«ወለሉን ያቅልልለት» ሲል።

ስድሳ ገዛን።
ከሥር የእንጨት ርብራብ ሠራን፣ እርጥበቱ እንዲተነፍስ።
ቀለም አልመረጥንም፤ ከሌላ ትእዛዝ የተረፈ፣ በቅናሽ፣
አረንጓዴና ዳር ዳሩን አመድማ፤ ጎቻ ሲያወርደው አፈረ።
ግድግዳው ጋ አልደረሰም። የተረፈው ሲሚንቶ ባዶውን ቀረ፤
ወላጆች እዚያ ይቆማሉ፣ በረጠበ ጫማቸው።

የመጀመሪያው ማታ ጉራንዳ፣ ሰባት ዓመቷ፣ ተጣለች።
ጀርባዋ ዱብ አለ። አፏን ከፍታ ለቅሶዋን ጠበቀች፤
አልመጣም።
ዞራ ምንጣፉን አየችው፣ ምስጢሯን እንደጠበቀላት ሰው።
ተነሣችና እንደገና ወደቀች፣
ማንም ሳይነካት።

ኦኒሴ ሳቁን በፎጣ ሸሸገ።
እናቷ ሲሚንቶው ላይ ቆማ እጇን ከአፏ አወረደች።
እኔ ደብተሬን ገልጬ ጻፍኩ፦
ሠላሳ ይቀራል።