በውኃ ልክ መዝገብ ላይ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው፣
ከወደቡ ጥግ፣ መለኪያው ብረት ከቆመበት፣
ጎንበስ ብዬ አነባለሁ ውኃው የደረሰበት።
ቁጥሩን በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ይኸው ነው ግብሬ፤
ጣና ትናንት ስንት ነበር፣ ስንት ሆነ ዛሬ።
ዝናብ አላስቀረኝም፣ ወባም አልመለሰኝ፤
ማን እንደሚያነበው ግን አንድም ሰው አልነገረኝ።

ታኅሣሥ በባተ በሦስተኛው ማታ መብራት ጠፋ።
ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ድልድይ ከተማው ጭልም አለ፤
ጄኔሬተር ያለውም፣ ነዳጅ አጥቶ፣ ዝም አለ።
ያን ጊዜ ሰማዩ ወረደ፣ ሐይቁ ላይ፣ ዘንባባው ላይ፣
ቅርብ፣ ብዙ፣
ቁጥር ለለመደ ሰው የሚያስደነግጥ ዓይነት ብዙ።

ደብረ ታቦር ፊዚክስ የምታስተምር ልጄ፣ ትሁን፣
በስልክ ነግራኝ ነበር፤ "አባዬ፣ ሠውርን ፈልግ፣ በሬውን።
በቀንዶቹ ጫፍ ካሉት ነጥቦች አንዷ ኮከብ አይደለችም፤
ቬስታ ትባላለች። ድንጋይ ናት። ግን አትቆምም።"
"ድንጋይማ ጢስ ዓባይም ሞልቷል" ብዬ ስቄ ነበር።

ወፍ ቆጣሪዎች ትተውት የሄዱትን መነጽር አወጣሁ፤
አንደኛው ዓይኑ ሻግቷል፤ በደኅናው አየሁ።
ይማም ሊደርቅ ካቆመው ታንኳ ክርኔን አስደግፌ፣
ሰባት ነጥብ ሣልሁ፣ በመዝገቡ መጨረሻ ገጽ፣ ቀኑን ከላይ ጽፌ።

በማግሥቱ መብራት መጣ፤ የሆቴሎቹ አምፖል ሰማዩን ዋጠው።
በሦስተኛው ሌሊት ይማምን ለመንሁት፤ ታንኳውን ገፋው።
ደንገሉን አልፈን፣ ከተማው ከጀርባችን ቀጭን ክር እስኪሆን፣
የክብራን ደሴት ጥቁር ትከሻ ብቻ እስኪታየን።
"ዓሣ ነው የምትሻው?" አለኝ፣ ጉማሬ ፈርቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
"ድንጋይ።"
"ድንጋይማ ወደ ታች ነው!"

ስድስቱ ነጥቦች እንደተውኋቸው ናቸው።
ሰባተኛዋ የለችም።
አለች! ፈቅ ብላለች፣ ወደ ምዕራብ፣
በሁለት ሌሊት የአንዲት ጨረቃ ወርድ ያህል።
ታንኳው ሲወዛወዝ ሰማዩ ይናጣል፤ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ፤
ደግሜ፣ ደግሜ አየሁ።

ከማርስ ወዲያ፣ ከጁፒተር ወዲህ ነው አለች ትሁን መንገዷ፤
ትልቁ ጎረቤት እያመሳቸው ተሰብስበው አንድ መሆን ያልቻሉ፣
ዓለም ሊሆኑ ተጀምረው የቀሩ ድንጋዮች፣
እንደ ሰፈራችን ፎቅ፣
ብረቱ ሰማይ ሰማይ እያየ ባለቤቱ እንደጠፋ።
ብርሃኗ እኔ ዘንድ ሲደርስ አሥር ደቂቃ አርጅቷል፤
ይማም ከደንገሉ እስከ ወደቡ የሚቀዝፈውን ያህል።
አንዴ ቀና ብሎ ላያት ኮከብ ናት፤ ቋሚ ናት፤ ያው ናት።
መሄዷን የሚያውቅ ትናንትን የጻፈ ብቻ ነው።

አትጠገብን አልጻፍኋትም።
የልጄን እናት። ቀለበቷ ከጣቷ ሲላላ፣
ከአልጋዋ እስከ በር አምስት የነበረው እርምጃ
ስምንት ሲሆን፣ አሥር ሲሆን፣
በየቀኑ አየኋት፤ በየቀኑ "ያው ናት" አልሁ።
ውኃን በሴንቲሜትር የምለካ ሰው፣
አጠገቤ የሚወርደውን አላነበብሁም።

ይማም ለምን ዝም እንዳልሁ አልጠየቀም።
መነጽሩን ከእጄ ወሰደ፣ በሻገተው ዓይን ብዙ ቆየ፤
"ደመና ነው" አለ፤ መልሶ ሰጠኝ፤ መቅዘፊያውን አነሣ።

ሊነጋ ሲል ከብረቱ ሥር ጎንበስ አልሁ።
በመዝገቡ ዳር "አስተያየት" የሚል ዓምድ አለ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ባዶ የኖረ።
"ድንጋይዋ ፈቅ ብላለች" ብዬ ሞላሁት።
ከጎኑ፣ እንደ ወትሮው፦
ጣና፣ አንድ ሴንቲሜትር ወርዷል።