ድምፅ ያላት

ቂርያት ጋት፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ማዶ፣ ትልቁ መደብር ውስጥ
ስድስት ነበርን ድሮ፦ ስድስት ወንበር፣ ስድስት ወገብ የሚያምጥ።
ላሪሳ ነበረች፣ ሱልጣና፣ ቀልደኛዋ ይርገዱ፤
ጡረታ፣ ስንብት፣ ሕመም… በየምክንያቱ ሄዱ።
ዛሬ ስድስት ማሽን ነው፤ ከሴቶቹ እኔ ቀረሁ፣
ካርዴን አንገቴ ላይ አስሬ ቀይ መብራት ስጠብቅ ዋልሁ።

ስትጠራጠር ቀይ ታበራለች።
«ያልተጠበቀ ዕቃ አለ» ትላለች።
ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ አፍ ግን የላትም፤
ካርዴን አስነካታለሁ፣ አንነጋገርም።
ያልተጠበቀ የተባለው ዕቃ
አንድ እስር ድንብላል ነው፣ በቃ።

አስተያየቴን ለጠየቀኝ፣ ላልጠየቀኝም፦
ማሽኗን አልጠላትም።
ሁሉንም እኩል ትጠረጥራለች፣
ረቢውን፣ ወታደሩን፣ የባንኩን ሥራ አስኪያጅ
«መልስ፣ እንደገና አስቀምጥ» ትላለች፤
ይሉኝታ አልፈጠረባትም።
በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ግን፣ የሰው ልጅ፣ ዓይን ያለው፣
ሦስቱን አሳልፎ የልጄን ቦርሳ ነው የሚፈትሸው።
ልጄ ይከፍታል፤ ለምዶታል፤
ላፕቶፕ፣ ብርቱካን፣ የመሥሪያ ቤቱ መታወቂያ።
ቤርሼባ ነው የሚሠራው፣ ለማሽን ማየት ያስተምራል።
«ምን ታሳየዋለህ?» አልኩት።
«ፊት» አለ።
«የማንን?»
ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ተወው።

ኤልዳድ ነው ስሙ። ጎበዝ ነው። አርብ ማታ መጥቶ
«እማ፣ ትንሽ ቆይ እንጂ፣ አንቺም ነፃ ትወጫለሽ» አለ፣ ዳቦውን ቆርሶ።
እኔ በማውቀው አማርኛ ነፃ ሁለት ነው ፍቺው፦
አንዱ ጌታ የሌለበት፣ አንዱ ሒሳብ የሌለው።
«የትኛውን ነው ልጄ?»
በዕብራይስጥ ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ነው የሚኖሩት፣
ጥያቄዬ አልገባውም፤ ሰላጣ ጨለፈ።

ምርጫ ደግሞ መጣ። ስንተኛው ነው? መቁጠር ተውኩ፤
የኛ ሰፈር ጉድጓድ በምርጫ ወር እንደሚደፈን ግን ልብ አልኩ።
ትናንት ስልክ ተደወለ፣ «እንዴት ዋልሽ እናቴ» አለኝ፣
በአማርኛ፣ በጎንደሬ ቅላፄ፣ ሊያቀርበኝ ሊያባብለኝ።
ተመራጩ ቃል አማርኛ አያውቅም፤ ማሽን ነው የተናገረለት፤
ቅላፄው አለ፣ ሁሉ አለ፣ ትንፋሽ ነው የጎደለበት።
«ያልተጠበቀ ዕቃ አለ» ብዬ ዘጋሁበት።

ማሽን ድምፅ አላት፣ አትመርጥም፤
እኔ እመርጣለሁ፣ ድምፄን የሚሰማ የለም።

እዚህ አገር ሐኪሙም ባንኩም፣ የሬሳው ወረፋም ሳይቀር በስልክ ሆኖ
ምርጫ ብቻ ወረቀት ነው፤ ከካርቶን ጀርባ፣
ትሪ ላይ የተደረደረ ፊደል።
ደስ ይለኛል። ወረቀት ሲታጠፍ ይሰማል።

አባቴ ጥላየ፣ የመጀመሪያው ምርጫ ጊዜ፣
የዕብራይስጥ ፊደል አይለይም ነበር።
አንድ የፓርቲ ሰው ጠጋ ብሎ
«አባ፣ መንጠቆ የሚመስለውን አንሳ፣ ሌላውን ተው» አለው።
ገባ። ቆየ። ሰልፉ አጉረመረመ።
ወጣ፣ ፖስታውን ከተተ፣ ማንንም አላየም።
ማታ ጠየቅሁት።
«ነጩን አነሳሁ፣ ባዶውን።
ስሜን ጻፍኩበት። በኛው ፊደል።»
«አባዬ! ይሄማ የተበላሸ ድምፅ ነው፣ ይጥሉታል!»
«ይጣሉት» አለ።
«ለመጣል ግን መክፈት አለባቸው፤
ምንድን ነው ይሄ? ይባባላሉ፤
አንዱ ለሌላው ያሳያል።»
ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ።

ያኔ አፍሬበት ነበር።

ማክሰኞ ሱቁ ክፍት ነው፤ ለበዓል ቀን ድርብ ይከፍላሉ።
ከፈረቃዬ በፊት እመርጣለሁ።
ለማን እንደሆነ ኤልዳድ አያውቅም፣
ጫማ ስመኝ ጫማ የሚያሳየኝ ስልኬም አያውቅም፣
እኔም ገና ነኝ።
እስክሪብቶ ግን እይዛለሁ።

አራተኛዋ ቀይ አበራች። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ሐብሐብ።
መጣሁ፣ መጣሁ።